ብሩ ወረታ ላይ ስንት ጊዜ ይዞራል? የፎገራ ሩዝና የገጠር ኢኮኖሚ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት ይዛችሁ ሐሙሲትን ካለፋችሁ በኋላ መሬቱ ልጥጥ ብሎ ይዘረጋል። የፎገራ ሜዳ ነው። በስተግራ ጣና አለ፣ በስተቀኝ የጉና ተራራ። ከጉና የሚነሱት ጉማራና ርብ ሜዳውን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ክረምቱ ሲጠና ሁለቱም ሞልተው ሜዳው ላይ ይፈስሳሉ፣ ሐይቁም ከፍ ይላል። አፈሩ ደግሞ ዋልካ ነው። አንዴ ውሃ ከጠጣ ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ከሐምሌ ጀምሮ ሜዳው ረግረግ ሆኖ ይከርማል።

ዛሬ ይህን የሚያይ መንገደኛ "እንዴት ያለ ለም አገር ነው" ብሎ ያልፋል። ከ40 ዓመት በፊት ግን ይህ ውሃ ለፎገራ ገበሬ ጣጣ ነበር። ጤፉም ዳጉሳውም ውሃ ሲተኛበት ይበሰብሳል። ገበሬው ዝቅ ያለውን ሜዳ ለከብት ይተወዋል፤ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ጎርፉ የከፋ ዓመት ደግሞ ቤትም ይዞ ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ ድሬዳዋ በጎርፍ በተመታችበት ሰሞን፣ ፎገራና ሊቦ ከምከምም ተጥለቅልቀው በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ፎገራ የእርዳታ እህል ከሚጠብቁት ወረዳዎች ተርታም ነበረ።

አሁን ፎገራ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ሩዝ ነው። ወረታ ከተማ ደግሞ የሩዝ ገበያ። የሰው ኑሮ ሁሉ ተቃና፣ ችግር ጠፋ እያልኩ አይደለም፤ ወደ ችግሩም እመጣለሁ። ግን የተቸገረ ገጠር ኢኮኖሚው እንዴት ነፍስ ይዘራል ለሚለው ጥያቄ እዚሁ አገር ውስጥ ከፎገራ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብደኛል። በተለይ ከወሬው ሁሌ የሚቀረውን ግማሽ ያሳያል። ስለ ገጠር ሲወራ ወሬው ምርት ብቻ ነው። ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ በሄክታር ስንት ኩንታል። ኩንታሉ ከተሸጠ በኋላ ብሩ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ገጠር የሚደኸየው እንዴት ነው?

መጀመሪያ በሽታውን እንወቅ። አንድ ገበሬ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ምርቱን ይሰበስባል። የማዳበሪያ ዕዳ አለበት። ጥር ላይ ሰርግ አለ። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ በሚሸጥበት ሰሞን እሱም ይሸጣል። ሁሉም አንድ ላይ ሲሸጥ ደግሞ ዋጋ ይወድቃል። እህሉን ነጋዴ ጭኖት ይሄዳል። የሚበጠረው፣ የሚፈጨው፣ የሚታሸገው ሌላ ቦታ ነው። ያው ገበሬ ሐምሌ ላይ ጎተራው ሲጎድል በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛል። ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ ቆርቆሮው፣ የልጆቹ ልብስ ሁሉም የሚመጣው ከሩቅ ነው። ከእህሉ ያገኘው ብር ገበያ ውሎ ማታውኑ ከአካባቢው ይወጣል።

አብሮ የሚወጣ ሌላም ነገር አለ፤ ሰው። በአማራ ክልል ሰፊ የመሬት ድልደላ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወጣት መሬት የሚያገኘው ወይ ከወላጁ ተካፍሎ ነው፣ ወይ ተከራይቶ። ሦስት ጥማድ መሬት ለአራት ልጅ ሲካፈል ምን እንደሚደርሳቸው አስቡት። ስለዚህ ወጣቱ ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ይወርዳል፣ ወይም ባሕር ዳር ገብቶ የቀን ሥራ ይለምዳል። የሄደው ጉልበት ሌላ ቦታ ይሠራል፣ ሌላ ቦታ ይበላል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ ልጋብዛችሁ። ቁጥሩ የኔ ምሳሌ ነው፣ የማንም ወረዳ ቁጥር አይደለም። ከውጭ የመጣ ነጋዴ ለአንድ አካባቢ ምርት 100 ብር ከፈለ እንበል። ከዚያ ውስጥ 20 ብር ብቻ እዚያው አካባቢ ወጪ ቢሆን፣ 80ው ወጣ ማለት ነው። 20 ብሩን የተቀበለው ሰውም 4 ብር ብቻ እዚያው ያወጣል። እየቀነሰ የሚሄደው ይህ ሁሉ ሲደመር፣ 100 ብሩ ለአካባቢው የሠራው የ125 ብር ሥራ ነው። አሁን ደግሞ በየዙሩ 60 በመቶው እዚያው ይቅር እንበል። 100ው 60 ይሆናል፣ 60ው 36፣ 36ቱ ወደ 22 ገደማ። ድምሩ 250 ብር ይደርሳል። ልብ በሉ፣ ምርቱ በአንድ ኪሎ እንኳ አልጨመረም። ዋጋውም አልተወደደም። የጨመረው ብሩ ከመውጣቱ በፊት የዞረው ዙር ነው።

የፎገራን ታሪክ በዚህ ዓይን እንየው።

ሩዙ እንዴት ገባ፣ ለምንስ ቀረ?

በ1970ዎቹ ዓ.ም.፣ በደርግ ዘመን፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ወደ አካባቢው መጥተው ነበር። ውሃ የሚተኛበትን ዋልካ አይተው ሩዝ ሞከሩበት። ሙከራው የገባው በዘመኑ በነበሩት የገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው፤ በደራ በኩል ጅግና፣ በፎገራ በኩል ሻጋ። ሁለቱም ስማቸው ዘር ላይ ቀርቷል። ለረጅም ዓመታት ሜዳውን የያዘው ነባር ዘር "ኤክስ-ጅግና" ይባላል። ቆይተው ከወጡት የተሻሻሉ ዝርያዎች አንዱ ደግሞ "ሻጋ" ነው።

በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ማኅበራቱ ፈረሱ። በወጉ ከሆነ ሩዙም አብሮ መጥፋት ነበረበት። ብዙ ፕሮጀክት የሚያልቀው እንደዚያ ነው። ባለሙያው ይሄዳል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ታፔላው ይቀራል። ፎገራ ላይ ግን ሩዙ ቀረ። ገበሬው በየግል ማሳው ዘራው፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየሰፋ ሄደ።

ለምን ቀረ ብትሉ፣ ግማሹ መልስ ማሳው ላይ ነው፣ ግማሹ ጓዳ ውስጥ።

ማሳው ላይ የሆነው ቀላል ነው። ጤፍ የሚጠላውን ውሃ ሩዝ ይወደዋል። ገበሬው ውሃውን ለማባረር መታገሉን ትቶ በትንንሽ የአፈር ክትር ይይዘው ጀመር። ሰኔ ላይ ደረቅ ዘር ይበትናል፣ ዝናቡና የተኛው ውሃ ያሳድጉታል፣ ኅዳር ላይ ያጭዳል። ሩዙ ከተነሳ በኋላ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ውሃ በፓምፕ ስቦ ማጠጣት የቻለ ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ይተክላል። ከብት ብቻ ይውልበት የነበረ ሜዳ በዓመት ሁለቴ መስጠት ጀመረ።

የጓዳው ታሪክ ግን የበለጠ ይገርመኛል። ሩዝ መጀመሪያ እንግዳ እህል ነበር። በሙቀጫ ወቅጦ መፈልፈሉ ክንድ ይበላል። ከተፈለፈለስ በኋላ ምን ይደረጋል? ቅቅል ሩዝ በወጥ የጎንደር ገበሬ የዕለት ምግብ አይደለም። ሩዝ እዚያ አገር እንዲዘልቅ እንጀራ መሆን ነበረበት። ሆነም። የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ሲቦካ ነጭ፣ ዓይኑ ያማረ እንጀራ ይወጣዋል። ለብቻው ሲጋገር ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። መጠኑን ያገኙት እናቶች ናቸው፤ እየቀላቀሉ፣ እያቦኩ፣ ያልሆነውን ለልጅ ቁርስ እያደረጉ። ዳቦም ሆነ፣ ጠላም ውስጥ ገባ። ጤፍ በተወደደ ቁጥር ይህ ዘዴ ከፎገራ እየወጣ ባሕር ዳርና ጎንደር፣ ኋላም አዲስ አበባ ደረሰ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ "የጤፍ እንጀራ" ተብሎ ከሚሸጠው ስንቱ ንጹህ ጤፍ እንደሆነ የምታውቀው ጋጋሪዋ ብቻ ናት።

ይህ ለኢኮኖሚ ምን ያደርጋል? ብዙ ያደርጋል። ደሃ ገበሬ አዲስ ነገር ለመዝራት የሚፈራው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ከከሰረ የሚይዘው ስለሌለ ነው። ለውጭ ገበያ ብቻ የሚሆን ሰብል ዋጋው በወደቀ ዓመት አይበላም። ሩዝ ግን ካልተሸጠ ይበላል። ጎረቤት እንጀራ ጋጋሪ እስካለች ድረስም ገዢ አያጣም። ሰው ቤት ውስጥ የሚያውለውን ነገር ሲያመርት የመጀመሪያው ገበያ እዚያው ሰፈር ነው፤ ገበሬው ደፈር የሚለውም ለዚህ ነው።

ወፍጮ ቤቱ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የሩዝ ፍሬ ከማሳ ሲመጣ ቅርፊት ለብሶ ነው። ቅርፊቱን መፈልፈል፣ ፉርሽካውን መግፈፍ ያስፈልጋል። በእጅ ደግሞ አይዘለቅም። ማሽን የግድ ነው። ማሽኑ አዲስ አበባ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። የተተከለው ወረታ ነው፤ አንድ ሁለት ብቻ አይደለም፣ ብዙ።

ከመከር በኋላ አንድ የወረታ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆማችሁ ተመልከቱ። ያልተፈለፈለ ሩዝ በጆንያ ተሞልቶ በጋሪ፣ በባጃጅ፣ በአህያ ይገባል። ጫኝና አውራጆች ጆንያውን ትከሻቸው ላይ ወርውረው ወደ ሚዛን ይሮጣሉ። ማሽኑ ሲነሳ ሰው የሚግባባው በጩኸት ነው። በአንድ በኩል ነጩ ሩዝ ይወርዳል፣ በሌላው ፉርሽካው ይወጣል፤ ቅርፊቱ ደግሞ ከጓሮ ተተፍቶ ተራራ ያህላል። ብናኙ የሰውን ቅንድብ ያሸብታል። ሴቶች ወንፊትና ሰፌድ ይዘው ስባሪውን ከሙሉው ይለያሉ። ባለሩዙ ከሚዛኑ አጠገብ ዓይኑን አይነቅልም፤ እውነቱን ነው፣ የዓመት ልፋቱ እዚያ ላይ ነው ያለው።

እዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ሰው ብር እንደነካ ቁጠሩ። ጋሪ ነጂው፣ ተሸካሚው፣ ማሽኒስቱ፣ አበጣሪዋ፣ ጆንያ ሻጩ። ከበሩ ማዶ ሻይና ፓስቲ የምትሸጠው። ማሽኑ ሲሰበር የሚጠራው በያጅ። ፉርሽካውን ለሚያደልበው በሬ የሚገዛው ሰው። የሩዙ አገዳም አይጣልም፣ የበጋ የከብት መኖ ነው። ጥሬው ሩዝ እንዳለ ተጭኖ ቢሄድ ኖሮ ከነዚህ አንዳቸውም የሉም። ከላይ ያየነው 20 ብር ወደ 60 የሚያድገው በዚህ መንገድ ነው። መሬት ያልደረሰው ወጣትም ሥራ የሚያገኘው እዚህ ነው፤ ሁሉም ባይሆን የተወሰነው መተማ መውረዱ ይቀርለታል።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው። ወፍጮ ቤቶቹ መጋዘን አላቸው። ገበሬው ሩዙን አስፈልፍሎ እዚያው አስቀምጦ ገዢ መጠበቅ ይችላል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነጋዴም በየመንደሩ አይዞርም፤ በቀጥታ ወፍጮ ቤት ይመጣል። የመከር ሰሞን የዋጋ መውደቅን ሙሉ በሙሉ ባያስቀርም ገበሬው ትንሽ መተንፈሻ ያገኛል። "ዛሬ ካልሸጥኩ የት አደርሰዋለሁ" ብሎ የሚሸጥ ሰው ዋጋ መደራደር አይችልም። መጋዘን ያለው ይችላል።

ለምን ወረታ? መንገድ ነው። ባሕር ዳርን ከጎንደር የሚያገናኘው አስፋልትና በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወልድያ መንገድ የሚገናኙት እዚያ ነው። ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ፣ ወደ መቀሌ ይኬዳል። መንገድ ሳይኖር ማሽን ቢተከል ኖሮ ማሽኑ ዝጎ ይቀር ነበር።

ለመንግሥትም ድርሻውን እንስጠው። የመጀመሪያው የሩዝ ልማት ብሔራዊ ስትራቴጂ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ወጣ። ወረታ ላይ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተከፈተ። ጃፓን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሩዝ ምርምር ላይ ድጋፍ ሰጥታለች። ግን የቀን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። ገበሬው ሩዙን ይዞ፣ ባለወፍጮው ማሽኑን ተክሎ፣ ገበያው ከቆመ በኋላ ነው ስትራቴጂው የመጣው። ለነቀፋ አይደለም። እንዲያውም ጥሩው ቅደም ተከተል ይህ ይመስለኛል። መንግሥት አንድ ግለሰብ የማይችለውን ይሥራ፤ መንገድ፣ መብራት፣ የዘር ምርምር። ምን እንደሚጋገር ግን ጋጋሪዋ ታውቃለች።

ብሩ የሚያፈስስበት ቦታ

እስካሁን ያልኩት ደስ የሚለውን ነው። አሁን የሚያናድደው።

ከ100 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ ውስጥ ወደ 20 ኪሎው ቅርፊት፣ ወደ 10 ኪሎው ፉርሽካ ነው። ጥሩ ማሽን ቀሪውን 70 ኪሎ ያህል ነጭ ሩዝ አድርጎ ይመልሳል። ቅርፊቱንም ፉርሽካውንም በአንድ ጊዜ የሚያወጣው፣ ገጠር ውስጥ የተለመደው ርካሽ ማሽን ግን 55 ኪሎ ገደማ ቢሰጥ ነው። ከዚያም ላይ ብዙው ስባሪ ነው። የቀረው ተፈጭቶ ከቅርፊቱ ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። ከ100 ኪሎ ላይ 15 ኪሎ ምግብ ማሽን ውስጥ ቀለጠ ማለት ነው። ገበሬው 15 ኪሎ ለመጨመር ስንት ማዳበሪያ መበተን እንዳለበት አስቡት።

ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ አይደለም። ሩዝ ሲፈለፈል እርጥበቱ 14 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት። ማሳ ላይ ታጭዶ ብዙ ቀን ፀሐይ የመታው ፍሬ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ጤዛ ሲነካው ደግሞ ይብሳል። ከውጭ ሲታይ ደህና ነው። ማሽን ውስጥ ሲገባ ለሁለት ለሦስት ይሰበራል። አውድማው ላይ ሸራ ካልተነጠፈ ጠጠርም ይቀላቀላል። የፎገራን ሩዝ የአዲስ አበባ ሆቴል የማይወደው ለዚህ ነው። ሆቴሉ ሙሉ፣ እኩል፣ ጠጠር የሌለው ሩዝ ይፈልጋል። ከሕንድና ከሌላም የሚመጣው እንደዚያ ሆኖ ታሽጎ ይመጣል። ውጤቱ አሳዛኝ ቀልድ ነው። አገሪቱ ሩዝ እያመረተች ለሩዝ ዶላር ታወጣለች። የፎገራው ስባሪ እንጀራ ውስጥ ይገባል፣ ሰርግ ላይ የሚቀርበው የውጭው ነው። ያው ሩዝ ሳይሰበር ቢወጣ የሚያወጣው ዋጋ ሌላ ነበር፤ የዋጋው ልዩነት አሁን ለአስመጪውና ለውጭው አምራች ይሄዳል።

መፍትሔው የማይታወቅ አይደለም። ምዕራብ አፍሪካም እስያም የሚደረግ ነው። ሩዙን ከነቅርፊቱ ዘፍዝፎ፣ በእንፋሎት አብስሎ፣ አድርቆ መፈልፈል ስብራቱን በጣም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ፉርሽካው ላይ ያለው ቫይታሚን ወደ ፍሬው ይገባል። ማብሰያው የሚፈልገው ማገዶ ደግሞ ጓሮ ተከምሯል፤ ቅርፊቱ ነው።

ዘሩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ገበሬው ከዓመት ዓመት ከራሱ ጎተራ እያወጣ ስለሚዘራ ዘሩ ተቀላቅሏል። አንድ ማሳ ላይ ረጅሙም አጭሩም፣ የደረሰውም ያልደረሰውም አብሮ ይቆማል። ሲታጨድ ግማሹ እርጥብ፣ ግማሹ የደረቀ ነው። ይህም ተመልሶ ስብራት ይሆናል። ምርምር ማዕከሉ አዳዲስ ዝርያ ቢያወጣም ገበሬው በቀላሉ አይቀይርም፣ ምክንያትም አለው። ፎገራ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ሩዝ አበባ ሲያወጣ ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ፍሬው ባዶ ይቀራል። ነባሩ ዘር ብርዱን ይችላል። ሜዳው ላይ የተፈተነውን ዘር ጥሎ ያልተፈተነውን ለመዝራት ቢያመነታ አልፈርድበትም።

የከሰረም አለ። የፎገራ ከብት በወተቱም በሥጋውም ስመ ጥር ዝርያ ነው። የቆመው በዚያ በረግረጉ ሜዳ ሣር ነበር። የወል ግጦሹ ማሳ ሲሆን ከብቱ ቀነሰ፣ ዝርያውም ተከለሰ። ሩዝ ማረም ወገብ ይቆርጣል፤ ውሃ ውስጥ ጎንብሶ መዋል ነው፣ ብዙው ደግሞ የሴቶችና የልጆች ሥራ ሆነ። የመሬት ኪራይ ሲወደድ መሬት ያለው ተጠቀመ፣ የሌለው ግን ያንኑ ውድ ኪራይ ከፋይ ሆነ። ጣናም አለ። ከማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያ ሐይቁ ዳር ላለው እንቦጭ ምግብ ነው። እነዚህን ትቶ "ሩዝ ፎገራን አከበራት" ብቻ የሚል ሰው ግማሹን ነው የሚያወራው።

ታዲያ ሌላው ወረዳ ሩዝ ይዝራ?

አይዝራ። ዋልካና ጎርፍ የሌለው ደጋ ሩዝ ምን ያደርግለታል። ከፎገራ የሚወሰደው ሩዙ አይደለም፣ ጥያቄዎቹ ናቸው። እዚህ አካባቢ ሰው እንደ ጣጣ የሚያየው፣ ግን ጥቅም ሊሰጥ የሚችል ነገር ምንድን ነው? ከዚህ ተጭኖ ሄዶ ሌላ ቦታ የሚበጠረው፣ የሚፈጨው፣ የሚታሸገው ምንድን ነው? ማሽኑን እዚህ ለመትከል የጎደለው ምንድን ነው፤ መብራት፣ መንገድ፣ ወይስ ብድር?

መልሱ ሰብል መሆኑም ግድ አይደለም። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ የሚባለውን ቦታ ውሰዱ። ተራራው ተራቁቶ አፈሩ እየታጠበ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ወርልድ ቪዥንና የአካባቢው ሰዎች 2,728 ሄክታር ከለሉ። አብዛኛው ሥራ ችግኝ መትከል አልነበረም። መሬት ውስጥ በሕይወት ያለው ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ መጠበቅና መግረዝ ነበር። ከዚያ 7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው ጫካው ከአየር ላይ የያዘውን ካርቦን ለዓለም ባንክ የካርቦን ፈንድ ሸጡ። ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው የመጨረሻው ነው። ከሽያጩ ከተገኘው ገንዘብ ማኅበራቱ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ሠሩ። ብሩ አልባከነም፣ ዙሩን ወደሚጨምር ነገር ገባ። ጉቶው ቀድሞም እዚያው ነበር።

ዕርዳታና ሴፍቲኔትም ቦታ አላቸው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ብዙ ቤተሰብ በክፉ ቀን በሬውን ሳይሸጥ እንዲያልፍ አድርጓል። ግን ሰው እንዳይወድቅ መያዝና እንዲቆም ማድረግ ለየቅል ናቸው። ከሴፍቲኔት የተገኘው ብር ሱቅ ገብቶ ከሩቅ የመጣ ዘይት ከተገዛበት ዙሩ እዚያው አለቀ።

የፎገራ የዛሬው ሁኔታ ቀላል አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት መንገዱን አስቸጋሪ አድርጎታል። ገበያው በመንገድ ላይ የቆመ ነው ብለናል፤ መኪና ካልመጣ ሩዙ መጋዘን ይተኛል፣ ማዳበሪያም በወቅቱ አይደርስም። ይህን ምንም የዘር ምርምር አይፈታውም።

ሰላሙ ሲመለስ ግን መጀመሪያ ቢሠራ የምለው አንድ የማያጓጓ ነገር አለ፤ የባለወፍጮው ብድር። የተሻለ ማሽን የሚገዛ ባለወፍጮ ባንክ ሲሄድ የሚጠየቀው ሕንፃ ነው። ማሽኑን ራሱን ዋስትና አድርጎ በኪራይ የሚሰጥ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ አገር ውስጥ አለ፤ መልካም ነው። የሩዝ ማሽን ግን አብዛኛውን ገቢ የሚያገኘው ከመከር በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወፍጮ ቤቱ ጭር ይላል። ክፍያው በየወሩ እኩል ከሆነ ባለወፍጮው በክረምት ከኪሱ መክፈል ሊኖርበት ነው፤ ስለዚህ አይበደርም፣ በአሮጌው ማሽን 15 ኪሎውን ማቅለጡን ይቀጥላል። ክፍያው ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ከፍ ብሎ በክረምት ዝቅ የሚል ውል አበዳሪው ላይ ብዙ ጉዳት አያመጣም። ወረታ ላይ ያለ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ መከር መቼ እንደሆነ ያውቃል፤ ያን ውል የመጻፍ ሥልጣን ግን እሱ ጋ የለም፣ አዲስ አበባ ነው።